ስም ያልተጠራበት ድንጋይ

ቀረብ በሉ ልጆቼ። በሩን ገፋ አድርጉት፣ ወጨፎው ይገባል። ሐምሌ ከተጋመሰ ወዲህ ዝናቡ አንድ ቀን እንኳ አላባራም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ውጪው ጭቃ ነው፣ ለእናንተም የቀረላችሁ ያ ስልክ ብቻ ነው። አልቆጣም። ተቀመጡና ስሙኝ ብቻ።

ቅድም ስትጣሉ ሰምቻለሁ። ማህደር ስልኩን አልጋው ላይ ወርውራ፣ ይሄ መሣሪያ ፌር አይደለም፣ ከእንግዲህ አልጫወትም አለች። ፌር ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ አግባብ ማለት ነው፣ ነውር የሌለበት ማለት ነው አላችሁኝ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ባሕር ማዶ ሆኖ፣ በስልኩ ውስጥ አንድ ሜዳ ላይ ተገናኝቶ እንደሚታኮስ፣ የሞተውም ተመልሶ እንደሚነሣ አስረዳችሁኝ። እሺ፣ ገባኝ። ታዲያ ሁሉም መሣሪያ የሚገድል ከሆነ አንዱን ብቻ ነውር የሚያሰኘው ምኑ ነው አልኳችሁ። ማህደር፣ ከሩቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚመታኝ፣ ከየት እንደመጣ እንኳ አላይም አለች። ኢዮስያስ ደግሞ እየሳቀ፣ እምዬ አትስሚያት፣ ትናንት እሷው ይዛው ስትውል ነውር አልነበረም አለ።

ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። እኔ የእናንተን ጨዋታ አላውቀውም፣ ፊደልም አልቆጠርኩም። የነገሩን ሥር ግን አውቀዋለሁ፤ አያቴ ነግራኛለች።

አንድ ሜዳ ነበረ። ከሜዳው በላይ ያለው መንደር ላይ አምባ፣ ከሜዳው በታች ያለው ታች አምባ ይባላል። ሁለቱ መንደሮች በውሃ ይጣላሉ፣ በግጦሽ ይጣላሉ፣ ሲጋቡም ይጣላሉ። ዓመቱን ሙሉ ተኮራርፈው ይከርሙና ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን በዚያ ሜዳ ላይ ጉግስ ይገጥማሉ። ጉግስ አይታችሁ አታውቁም፣ ልንገራችሁ። አንዱ ፈረሰኛ ጋሻ ይዞ ሽምጥ ይጋልባል፤ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርረዋል። ሲደርስበት ይወረውርበታል። ተባራሪው ወይ በጋሻው ይመክታል፣ ወይ ከፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ዘንጉን በላዩ ያሳልፋል። ዘንጉ ብረት የለበትም፣ የተላጠ እንጨት ነው። እንጨት ቢሆንም ጥርስ ያወልቃል፣ ዓይን ያጠፋል፣ አንዳንዴም ነፍስ ይወስዳል።

ስለዚህ ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ የሚወረውር ሰው ዘንጉ ከእጁ ከመውጣቱ በፊት የፈረሱን ስም ጮኾ ይጠራል። የዚያን ጊዜ ሰው የሚታወቀው በፈረሱ ስም ነበር፤ አባ ነጎድ፣ አባ ጠቅል፣ እንዲህ እየተባለ። ስሙን የሰማ ተባራሪ ማን እንደመጣበት፣ በየት በኩል እንደመጣበት ያውቃል፣ ጋሻውን ያዞራል። ስሙን ሳይጠራ የወረወረ ግን ከፈረሱ ወርዶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ልጃገረዶቹም እስከ ፋሲካ ይዘፍኑበታል።

ሁለተኛው ሕግ ይሄ ነው። በሜዳው ላይ ሰው ቢሞት የመታው ሰው የቃሬዛውን ፊት ይሸከማል። ሌላ ሰው አይቀበለውም፤ እስከ መቃብሩ ድረስ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ አርባ ቀን የሟቹን ማሳ ያርሳል፣ የሟቹን እናት እናቴ ይላል፣ እሷም ልጄ ትለዋለች። በዚያው ያበቃል፣ ቂም የለም። ስም የተጠራበት ደም ደም አይደለም ይሉ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ትውስታ በሜዳው ላይ ሦስት ሰው ሞቶ ነበር፤ ሦስቱም እናቶች በልጃቸው ቦታ ሌላ ልጅ ተቀብለው ኖሩ። ምትክ ነው አልላችሁም፣ ልጅ ምትክ የለውም። ግን ሁለቱ መንደሮች እርስ በርሳቸው ሳይተላለቁ የኖሩት በዚህች ክር ተንጠልጥለው ነው። ይቺን ያዙልኝ።

የሜዳው ዳኛ ባሻ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እናታቸው ከላይ አምባ፣ አባታቸው ከታች አምባ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለቱም ያመኗቸው። ጉቦ አይበሉም፣ ፊት አይተው አያደሉም። አንድ ነገር ብቻ ነበረባቸው፤ እኩል የሚባለውን ነገር ከልክ በላይ ይወዱት ነበር። ሁለት ልጆች ተጣልተው ቢመጡ፣ መቺውንም ተመቺውንም እኩል ገርፈው የሚሰዱ ዓይነት ሰው ነበሩ።

በላይ አምባ ጓንጉል የሚባል ጎበዝ ነበረ። ወይዘሮ አትጠገብ የሚባሉ ባለጸጋ ባልቴት አንድ ልጅ ነው። አባቱ ሞቶ ፈረሱን አባ ነጎድን ትቶለታል፤ ገብስ በልቶ የሚያድር፣ ሲረግጥ ምድሩን የሚያንቀጠቅጥ ፈረስ ነበር። ሰባት ጥር ሙሉ ጓንጉልን የነካ ዘንግ የለም።

በታች አምባ ደግሞ አላምረው የሚባል ድሃ ነበረ። የራሱ ፈረስ የለውም። የሚስቱን ወንድም ፈረስ ለጉግስ ቀን ይዋሰዋል፤ ያም ፈረስ ዓመቱን ሙሉ እንጨት ሲሸከም የኖረ ነው። እንግዲህ በየዓመቱ የመጀመሪያው ዘንግ የሚያርፈው በአላምረው ጀርባ ላይ ነው። ጓንጉል ታዲያ ሰው በተሰበሰበበት፣ አላምረው ዘንድሮስ ፊትህን አሳየን እንጂ፣ ጀርባህንማ ለመድነው ይለዋል። ሰዉ ይስቃል። አላምረውም አብሮ ይስቃል። አብሮ የሚስቅ ሰው ግን የቀረው ሌላ ነገር ስለሌለ ሊሆን ይችላል፤ ይሄን ማንም አላሰበም።

አላምረው አንድ ነገር ይችል ነበር። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ማማ ላይ ወጥቶ ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቀው እሱ ነው። በወንጭፍ ከማሽላው ራስ ላይ ወፏን ብቻ ነጥሎ ያነሣታል፤ ከማሽላው አንዲት ፍሬ አትረግፍም። ለዘጠኝ ዓመት በዘንግ ከተደበደበ በኋላ፣ በአንዱ ጥር፣ ፈረሱን ሳይዋስ ቀረ። ከወንዙ ጭቃ አምጥቶ እንደ እንቁላል አድቦለቦለ፣ በፀሐይ አደረቀው። ከዚያ በሜዳው ዳር ካለው የክትክታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ጓንጉል እንደ ልማዱ ወጣ። ሦስት ሰው አባረረው፣ ሦስቱም ሳቱት። አራተኛውን እየጠበቀ ሳለ አንድ ነገር ጆሮው ሥር ሽው አለና ያ ጭቃ በሁለት ትከሻው መካከል ፈረሰ። ነጭ ኩታው ላይ ቀይ አፈር ቦነነ። ከዚያ አላምረው ከክትክታው ውስጥ ብድግ ብሎ ወንጭፉን ከፍ አድርጎ አሳየና፣

"ዘንድሮ ደግሞ ያንተን ጀርባ አየነው" አለ።

ታች አምባ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ላይ አምባም ፊቱን እያዞረ ሳቀ። ጓንጉል ከፈረሱ ወርዶ በቀጥታ ወደ ባሻ ይመር ሄዶ፣ ይሄ ነውር ነው፣ ይፈረድልኝ አለ።

ባሻ ይመር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም አስቀረቡ። አላምረው ስም አልጠራም ነበር፤ ፈረስ የሌለውን ሰው ግን ከፈረስህ ውረድ ማለት አይቻልም። መጀመሪያ ጭቃው ጎድቶት እንደሆነ ጠየቁት። ዝንብ ያረፈብኝ ያህል ነው አለ። ዘንግ ከዚህ የበለጠ ያማል ወይ አሉት። አሥር እጥፍ ያማል አለ።

"ታዲያ የሚያመው ነውር ካልሆነ፣ የማያመው እንዴት ነውር ሆነ?" አሉ ባሻ ይመር።

ጓንጉል ትንሽ አሰበ። ትዕቢተኛ ነው እንጂ ሞኝ አልነበረም።

"ባሻ፣ ዘንግ ቢመታኝ ምን እንዳጠፋሁ አውቃለሁ" አለ። "ዘግይቼ ዞሬያለሁ፣ ወይ ፈረሴን ያለ ቦታው ገትቻለሁ፤ ለከርሞ አርመዋለሁ። ይሄ ሲመታኝ ግን ምን አጠፋሁ? ምን ባደርግ ይስተኝ ነበር? ይንገሩኝና ላድርገው።"

ሰዉ ወደ አላምረው ዞረ። አላምረው መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

"እኔም ይሄንኑ ልጠይቅ ባሻ" አለ። "የሱ ፈረስ ገብስ በልቶ ያደረ ነው። እኔ የምዋሰው ፈረስ ጀርባው በጭነት የተላጠ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲመቱኝ ምን አጠፋሁ? ምን ባደርግ ይስቱኝ ነበር? ያን ጊዜ ነውር ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።"

አያችሁ። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱ፣ መመከቻ የሌለው መምቻ ጨዋታ አይደለም አለ። ሌላው፣ የጠገበ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ነውርን የሚያያት ስትደርስበት ብቻ ነው አለ። አንድ ሰው ብድግ ብሎ፣ እንግዲያው ወንጭፉ ይቅር፣ ለአላምረውም ደህና ፈረስ እንፈልግለት ቢል ኖሮ ሁለቱም መልስ አግኝተው ወደ ቤታቸው በገቡ ነበር። አላምረው የጎደለው ፈረስ ነው፤ ወንጭፍማ ድሮም ነበረው። ይሄን ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም ይሄን የማወራው ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

ባሻ ይመር እኩል የሚሆነውን ፈለጉ።

"በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ነውር የሆነ ነገር፣ በሁሉም እጅ ከገባ ነውር አይሆንም" ብለው ፈረዱ። "ከዛሬ ጀምሮ ከሁለቱም ወገን የፈለገ ወንጭፍ ይያዝ።"

ሰዉ አጨበጨበ፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ጥፍጥ ይላል። ከሴቶቹ ወገን ወይዘሮ አትጠገብ ብቻ ቆመው ስሙንስ ማን ይጠራል ብለው ጠየቁ። ባሻ ይመርም ሕጉ እንዳለ ነው፣ ወንጭፍ የያዘም ይጠራል አሏቸው። ወይዘሮ አትጠገብ ከዚያ ርቀት፣ ከቁጥቋጦ ውስጥ ማን ይሰማዋል አሉ። ባሻ ይመር ፈገግ ብለው፣ የጠራው ራሱ ይሰማዋል፣ እሱ ይበቃል ብለው መለሱ። ሰዉ ለዚህም አጨበጨበ።

በመጀመሪያው ዓመት ወንጭፈኞቹ ስማቸውን ጮኸው ጠሩ፤ ነፋሱ በላው እንጂ ጠርተዋል። በሁለተኛው ዓመት ለራሳቸው ብቻ አጉረመረሙት። በሦስተኛው ዓመት ከንፈራቸውም አልተነቃነቀም። ፈረስ ላይ ያልተቀመጠ ሰው የፈረስ ስም መጥራት ያስቃል ተባለ።

ጓንጉልስ? ጓንጉል በመጀመሪያው ዓመት አኩርፎ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ወንጭፍ ገመደ። ጎበዝ እጁ የያዘው ነገር ሁሉ ይሆንለታል፤ በአንድ ቀን አሥራ አንድ ሰው መታ። ያን ጊዜ ወንጭፍ የወንድ ልጅ ብልሃት ነው፣ ፈረስማ ማንም ይጋልባል እያለ ሲያወራ ተሰማ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ከታች አምባ አንዱ ጭቃውን በእሳት ጠብሶ እንደ ሸክላ አድርጎ አመጣውና የጓንጉልን ክንድ ሰበረው። ጓንጉልም እየጮኸ ወደ ባሻ ይመር ሄደ። ያልተጠበሰው ደግ ነው፣ የተጠበሰው ግን ነውር ነው አለ። ባሻ ይመርም እንዳለፈው ፈረዱ፤ ሁሉም ይጥበስ። ከዚያ አንዱ የጭቃውን ሆድ ጠጠር አጎረሰው። እሱም ነውር ተባለ፣ እሱም ለሁሉም ተፈቀደ። በመጨረሻ ጭቃው ቀረና ድንጋዩ ብቻ ተረፈ። እንግዲህ ሰው ነውር የሚለው ሁልጊዜ እጁ ያልገባውን ነው። እጁ ሲገባ ስሙ ይለወጣል።

ሜዳውም ተራቆተ። ፈረሶቹ ቤት ዋሉ። ሴቶቹ እልልታቸውን ይዘው ቀሩ፤ ምን ሊያዩ ይመጣሉ? ወንዶቹ ሁሉ ጠዋት ክትክታው ውስጥ ገብተው እስከ ማታ በደረታቸው ተኝተው ይውላሉ። አንድ ሽማግሌ ከጉግስ ሲመለሱ ማን አሸነፈ ቢሏቸው፣ ዘንድሮም ክትክታው አሸነፈ አሉ ይባላል።

አራተኛው ጥር መጣ። የጓንጉል ክንድ ተጣሞ ድኗል። ያን ዕለት ጠዋት አባ ነጎድን ሲጭን እናቱ አዩትና ወዴት ነው አሉት። ሜዳ ላይ ልጋልብ ነው አላቸው። ተው ልጄ፣ የዛሬ ሜዳ ፈረሰኛ የለበትም አሉት። እሱም፣ እማማ፣ ሁለት ዓመት እንደ ጅብ በሆዴ ተኝቼ ብዙ ሰው መታሁ፣ የአንዱንም ፊት አላስታውስም አላቸው። የአባቱን ጋሻ አንጠልጥሎ ወጣ።

በባዶው ሜዳ መካከል ብቻውን ጋለበ። ዘንጉን ከፍ አድርጎ አባ ነጎድ እያለ ጠራ፤ የሚያባርረኝ ይውጣ ማለቱ ነው። ማንም አልወጣም። ሁለተኛ ዞረ፣ ሁለተኛ ጠራ። ከክትክታው ውስጥ፣ ከዚያም ከዚህም ወገን፣ ሳቅ ተሰማ። የገዛ መንደሩ ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁበት። ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር ወንጭፎች ሽው ሽው አሉ። አንድ ድንጋይ ከጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ጋሻው በዚያኛው በኩል ነበር።

ወደቀ፣ በዚያው ቀረ። ፈረሱ ጥቂት ሮጦ ባለቤቱ እንደሌለ ሲያውቅ ተመልሶ አጠገቡ ቆመ።

ከዚያ ሰዎቹ ከየቁጥቋጦው አንድ በአንድ ወጡ። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ሲገቡ ሁሉም ወንጭፍ ይዘው ነበር፤ ሲወጡ ግን የሁሉም እጅ ባዶ ነበር።

ቃሬዛው ተበጀ። ሬሳው ተገንዞ ተጋደመ፣ የኋላውን የሚይዙ ዘመዶች ቆሙ። የፊቱ ባዶ ነው። ወይዘሮ አትጠገብ አላለቀሱም ነበር። በልጃቸው ራስጌ ቆመው በሰዉ ላይ ዓይናቸውን አዞሩ።

"ፊቱን የሚይዝ ይምጣ" አሉ። "አልረግመውም። ቤቴ ይገባል፣ ማዕዴን ይቆርሳል፣ ልጄ ይባላል። ስሙን ብቻ ይንገረኝ።"

የተነቃነቀ የለም። ክፉዎች ስለነበሩ አይምሰላችሁ። እያንዳንዱ በልቡ ሲያሰላ ነበር። አንዱ የኔ ድንጋይ ወደ ላይ ሄዷል ይላል፤ ሌላው የኔ ቀድሞ ወድቋል ይላል፤ አንዱ ደግሞ ሌሎችም ወርውረዋል፣ ለምን እኔ ይላል። አላውቅም ማለት ለሁሉም እውነት ነበር። እኔ ልሆን እችላለሁ ማለትም እውነት ነበር፤ ያን ግን የሚናገር ጠፋ።

ፀሐይ አዘነበለች። ቄሱ ሬሳው ከዚህ በላይ አይቆይም አሉ። ያን ጊዜ ባሻ ይመር የዳኝነት ዘንጋቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ሄዱና የቃሬዛውን ፊት ያዙ። ሰዉ አጉረመረመ።

"ባሻ፣ እርስዎ አልወረወሩም" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

"አልወረወርኩም" አሉ ባሻ ይመር። "የወረወረው ስም እንዳይኖረው የፈረድኩት ግን እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ አትጠገብ እጃቸውን በቃሬዛው ላይ ጫኑ።

"እርስዎን ይቅር ብል ማንን ይቅር አልኩ?" አሏቸው።

ባሻ ይመር ቃሬዛውን አነሡ። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው፣ እሳቸውም ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግን ፊቱን የያዘ ሰው አይለወጥም። ሁለት ጊዜ በጉልበታቸው ወድቀው ሁለት ጊዜ ተነሡ። ማንም አልተቀበላቸውም።

ከቀብሩ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ የቦታው ሰው ሁሉ አንድ አጥር ውስጥ ይገባል፤ እውነቱ እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። አሥራ ዘጠኙም ገቡ። ጊዜው የውቂያ ነው፣ እህሉ አውድማ ላይ ተሰጥቶ ከብት እየገባበት ነበር። እንደዚያም ሆኖ አንድ በአንድ እየተነሡ አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልወረወርኩም እያሉ ማሉ። አራት ቀን እንዲሁ አለፈ። በአምስተኛው ቀን አላምረው ተነሣ።

"እኔ ወርውሬያለሁ" አለ። "መታሁት አልመታሁት አላውቅም። ሦስት ድንጋይ እኩል ሲነሣ አይቻለሁ፣ አንዱ የኔ ነው።"

ሽማግሌዎቹ የፈረስ ስም ጠርተህ ነበር ወይ አሉት። አልጠራሁም፣ ከጠራሁ ሦስት ዓመቴ ነው አለ። ሁለቱ እነማን ናቸው አሉት። ከቅጠል ውስጥ ሲወጣ አየሁ እንጂ ሰው አላየሁም አለ። እንግዲያው ሁለቱ ይነሡ ተባለ። ሁሉም እንደተቀመጡ ቀሩ። ጥቂት ተጠብቆ አጥሩ ተከፈተ፣ ሰውም ወደየቤቱ ሄደ።

አላምረው በማግሥቱ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ደጅ መጣ። እሳቸው ይግባ ሳይሉ አይቀሩም ነበር። ወንድሞቻቸው ግን በሩ ላይ ቆመው፣ ስም ሳትጠራ የጣልከው ደም ደም ነው፣ አንተም የመጣኸው በሲሶ እውነት ነው ብለው መለሱት። ሲሶ እውነት ልጅ ለመሆን አይበቃም፤ ጠላት ለመሆን ግን ይተርፋል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ይሄን ስሙኝና ለሌላውም ንገሩት። ነውር የሚባለው መሣሪያ አብዝቶ የሚገድለው አይደለም፣ አብዝቶ የሚያመውም አይደለም። ለተመታው መመከቻ የማይተው፣ ለመቺውም ስሙን የሚያስረሳው ነው። ደግሞ ነውር ነው ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት የተቀመጣችሁበትን ፈረስ እዩት፤ ገብስ የበላው የእናንተ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ክፉን ነገር ለሁሉም እኩል ማደል ደግ አያደርገውም፤ ባለቤት ያሳጣዋል እንጂ። በእናንተ ጨዋታ የሞተው ይነሣል አላችሁኝ። ደግ ነው፣ እንግዲያው ትምህርቱን እዚያው ጨርሱት። ከስልኩ ስትወጡ ግን ወንጭፍ ብዙ ዓይነት ነው፤ ሐሜትም ወንጭፍ ነው፣ ስም የሌለው ወረቀትም ወንጭፍ ነው። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የመታችሁት ሰው ጋሻውን የሚያዞርበት ጊዜ ሰጥታችሁታል? ስማችሁንስ ጠርታችኋል?

ከዚያ በኋላ የሆነው ይሄ ነው። አላምረው በሚቀጥለው ጥቅምት ማማው ላይ እንዳለ ከበስተኋላው ተመትቶ ሞተ። ማን እንደመታው አልታወቀም። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ አገር ሄደች። ታች አምባ በአላምረው ፈንታ ከላይ አምባ ሁለት ሰው ገደለ፤ ላይ አምባም አውድማ አቃጠለ፣ ሌላም ሰው ገደለ። ከዚያ ወዲህ የሞተውን የሚቆጥር አልነበረም። ሜዳውን የሚያርሰውም ከብት የሚያሰማራበትም ጠፋ። ባሻ ይመር ዳግመኛ ዳኝነት አልተቀመጡም፤ በሦስተኛው ዓመት ሞቱ፣ ለቀብራቸው የመጡት የሁለቱ መንደር ሰዎችም ወዲያና ወዲህ ተለያይተው ቆሙ። ወይዘሮ አትጠገብ ብዙ ዘመን ኖሩ፤ ይቅር የሚሉትን ሰው ሳያገኙ ሞቱ። እነዚያ ያልተነሡት ሁለት ሰዎች ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ ሸምግለው አስታራቂ እስከመሆን ደረሱ፤ ከሦስቱ ድንጋዮች የመታው የማናቸው እንደሆነ እነሱም ሳያውቁት በየአልጋቸው ሞቱ።